ማክሰኞ ማታ የተማርኩት፦ ስለ ኩዊር ማኅበረሰቦች የሚሰጥ የሶሻል ወርክ ኮርስ፣ በገንዘቤ ልክ ነበር?

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ሻንጣ አስተያየት እንጽፋለን። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ስለምንከፍልበት ትምህርት ግን ብዙም አንጽፍም። ስለዚህ ባለፈው መንፈቅ ስለወሰድኩት አንድ ኮርስ ልጻፍ። በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ የሶሻል ወርክ ኮርስ ነው፤ ከኩዊር ማኅበረሰቦች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ኩዊር የምለው ጌይ (ወንድ የሚያፈቅር ወንድ)፣ ሌዝቢያን (ሴት የምታፈቅር ሴት)፣ ባይሴክሹዋል (ሁለቱንም ጾታ የሚያፈቅር) እና ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የሚለይ) የሆኑ ሰዎችን በአንድ ስም ለመጥራት ነው። ኮርሱም ራሱ የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው።

ርዕሱን አይታችሁ ልትዘጉት ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ። በተለይ እዚህ አሜሪካ በሶሻል ወርክ፣ በነርስነት፣ በአስተርጓሚነት ወይም በኬዝ ማናጀርነት የምትሠሩ አበሾች፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ቀን ቀን የአዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ እማራለሁ። ለሥራዬ የሚመች ሰዓት ያለው ምርጫ ኮርስ ስፈልግ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ይህ ብቻ ተገኘ። ሦስት ክሬዲት፣ አሥራ አምስት ሳምንት፣ ዋጋው ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ። ከመመዝገቤ በፊት ሁለት ቀን አሰብኩበት። ያደግኩት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሁንም እሑድ እሑድ አልቀርም። በልጅነቴ ስለነዚህ ሰዎች የሰማሁት ሁሉ ወይ ስድብ ወይ እርግማን ነበር። ያንን ይዤ ነው የገባሁት፤ መደበቅ አልፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ጉድለቶቹንም ስለማነሣ ስሙን አልጠራውም።

የመጀመሪያው ማታ ሃያ ሁለት ተማሪዎች ነበርን። መምህራችን በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ወደ ማስተማር ከመምጣታቸው በፊት ሆስፒታል ውስጥና በወጣቶች መጠለያ ለብዙ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። እኔ የቃላት ዝርዝር ነበር የጠበቅኩት፤ ይህ ማለት እንዲህ ነው፣ ያ ማለት እንዲያ ነው፣ ሸምድዱ እንባላለን ብዬ። እሳቸው ግን ምንም ሳይናገሩ አንድ ፎቶግራፍ አሳዩን። የጎማ ጭምብል ያጠለቀ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር የደፋ፣ ከልኩ በላይ የሰፋ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው። "ይህ ሰው ምን ያደረገ ይመስላችኋል?" አሉን። ከኋላ አንዱ "ወንጀለኛ ነው" አለ።

ሰውየው ሐኪም ነው። ጆን ፍራየር ይባላል፤ የአእምሮ ሐኪም። በፈረንጆቹ 1972 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዳላስ ባደረገው ጉባኤ ላይ ጌይ መሆኑን፣ ሐኪምም መሆኑን ለባልደረቦቹ ተናገረ። ስሙን ደብቆ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ድምፁን በማይክራፎን አስቀይሮ። ያን ጊዜ የማኅበሩ የበሽታዎች መዝገብ ይህንን እንደ አእምሮ ሕመም ይቆጥር ነበር። ማንነቱ ቢታወቅ ሥራውን ያጣል፤ ቀደም ብሎም በዚሁ ምክንያት ቦታውን አጥቶ ያውቃል። ከእሱ ጋር መድረኩ ላይ የመብት ታጋዮቹ ባርባራ ጊቲንግስና ፍራንክ ካሜኒ ነበሩ። ጊቲንግስ ጭምብል አድርገው እንኳ ለመቅረብ ያልደፈሩ ሌሎች ሐኪሞች የጻፉትን ደብዳቤ አነበበች። በዲሴምበር 1973 የማኅበሩ ቦርድ ከመዝገቡ ሰረዘው። ተቃዋሚዎች የአባላት ድምፅ ይሰጥበት አሉና በ1974 ተሰጠ፤ 58 በመቶው የቦርዱን ውሳኔ ደገፈ። ፍራየር ጭምብሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ ብሎ በይፋ የተናገረው ግን በ1994 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

መምህራችን ይህን ነግረውን ሲጨርሱ "በዚያ አዳራሽ ብትኖሩ የት ትቀመጡ ነበር?" ብለው ጠየቁን። መልስ አልጠበቁም። ወረቀት አውጥተን ለራሳችን ብቻ እንድንጽፍ አደረጉ። እኔ የጻፍኩትን አልነግራችሁም። ግን ኮርሱ ከምን እንደሚጀምር ያኔ ገባኝ። የሚጀምረው ከእኛ፣ ከረጂ ነን ባዮቹ፣ ከሙያው ጥፋት ነው። የሰው ፋይል ላይ "በሽተኛ" ብሎ የጻፈው እጅ የባለሙያ እጅ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤቭሊን ሁከር አነበብን። በ1957 ባሳተመችው ጥናት የ30 ጌይ ወንዶችንና የ30 ሌሎች ወንዶችን የሥነ ልቦና ምርመራ ውጤት የማን እንደሆነ ሳትገልጥ ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠች። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። መዝገቡ እስኪለወጥ ግን ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ።

የታሪኩ ክፍል አራት ሳምንት ነው። በጣም ጥሩ ነው፤ ለእኔ ያላነሰም ያልበዛም። የተሻለ ያደረገው ደግሞ አብዛኛው እኛ የምንኖርበት ከተማ ታሪክ መሆኑ ነው። አንድ ቅዳሜ በእግር ወጣን። ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ቆመን በኤፕሪል 17፣ 1965 አሥር ሰዎች እዚያ ቦታ ሰሌዳ ይዘው እንደተሰለፉ ነገሩን። ወንዶቹ ሱፍና ክራባት፣ ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ካሜኒ ነበር እንደዚያ ይለበስ ያለው፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ለሥራ የሚበቃ መምሰል አለበት ብሎ። እሱ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ዶክተር ነው። በ1957 ከጦር ሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት ጌይ ነህ ተብሎ ተባረረ። ከ1953 ጀምሮ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትእዛዝ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመንግሥት ሥራ እየተለቀሙ ይወጡ ነበር። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው። ካሜኒ ያን ጊዜ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነበር። በሕይወት ቆይቶ ሰማው።

ከዚያ ጆርጅታውን ሄድን፣ አንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋ። ዛሬ ዊትማን ዎከር የሚባለው ትልቅ የጤና ድርጅት የጀመረው በ1973 በዚያ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ለጌይ ወንዶች የአባላዘር ሕክምና የሚሰጥ የማታ ክሊኒክ ሆኖ። በር ላይ ቆሜ ትንሽ ቆየሁ። የሃይማኖት ሰዎች ሁሌ በአንድ ወገን ብቻ የቆሙ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ቦታ የማይገኝ ሕክምና የተሰጠው ግን ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ከታሪኩ ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የታይራ ሃንተር ነው። በኦገስት 1995 በዲሲ የመኪና አደጋ የደረሰባት ትራንስጀንደር ሴት ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሊረዳት የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብሷን ቀድዶ ሰውነቷን ሲያይ ርዳታውን አቋርጦ ተሳደበ። እሷ መሬት ላይ ናት። በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። እናቷ ከተማውን ከሰሱ፤ በ1998 ዳኞች ለእናቲቱ ፈረዱ። መምህራችን ይህን ታሪክ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። ነርስ የሆነች የክፍል ጓደኛችን ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኔም በየቀኑ የሰው ልብስ የማወልቅ፣ ሰው የማጥብ ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሥራ ስገባ ታይራን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለዚህ ኮርስ ገንዘባችሁን ብትከፍሉ የማትጸጸቱበት ክፍል እሱ ነው። ልምምዱ። ሮል ፕሌይ ይሉታል። ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት በየማክሰኞው አንድ ሰዓት ያህል አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ሶሻል ወርከር ሆኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ መምህራችን ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው ተጫወቱ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው እንበል፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ነገ ወደ ቤት ሊወጡ ነው። ጠያቂው ተማሪ "ባለትዳር ነዎት?" አለ። "አይደለሁም።" "ልጆች አሉዎት?" "የሉኝም።" ተማሪው "ብቻቸውን ይኖራሉ" ብሎ ጻፈ። አለቀ። ወደ አዛውንቶች ማገገሚያ ይላኩ ተባለ። ከዚያ መምህራችን ወንበራቸውን ወደኋላ ስበው "ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረው ሰው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር" አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ትክክለኛው ጥያቄ ምንም ልዩ ነገር የለውም። "ቤት ሲገቡ ማን አለ? ሲታመሙ መጀመሪያ የሚደውሉት ለማን ነው? ውሳኔ ቢያስፈልግ ማን ይወስንልኝ ይላሉ?" በቃ። ማንንም አያጋልጥም፣ ማንንም አይዘጋም። ባል የሞተባት አሮጊትም፣ ከእህቱ ጋር የሚኖር ሰውም፣ ያ ሽማግሌም እኩል ይመልሱታል። ሕጉም ረፍዶ ነው የመጣው። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ታማሚው ይጠይቀኝ ያለውን ሰው እንዳይከለክሉ ያደረገው መመሪያ የወጣው ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 ካዘዙ በኋላ ነው። ግን ጠያቂው በሩን ካልከፈተ መመሪያው ምን ይሠራል?

በስምንተኛው ሳምንት መምህራችን እያንዳንዳችን ይህንኑ ጥያቄ በየቤታችን ቋንቋ እንድናመጣ አዘዙ። ይህ የቤት ሥራ ለእኔ ከኮርሱ ሁሉ በለጠ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ስሞክር አማርኛዬ እንደማያስኬደኝ ገባኝ። "ባልሽ ምን ይሠራል?" "ሚስትህ ታውቃለች?" አፋችን የለመደው ይህን ነው። ግሱ ራሱ ጾታ ይዞ ይመጣል፤ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣ፣ መጣች። ፈረንጆቹ ስለ ተውላጠ ስም ሲጨነቁ እኛ ጋ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ነው የሚጨነቀው።

ሌሊቱን ሳሰላስል አንቱታ ትዝ አለኝ። እርስዎ። እሳቸው። መጡ፣ ሄዱ፣ ተቀመጡ። አንቱታ ጾታ የለውም! "የትዳር አጋርዎ ማን ይባላሉ?" ብዬ ብጠይቅ ወንድ ናቸው ሴት ናቸው የሚል ነገር በጥያቄዬ ውስጥ የለም። ሰውየው የፈለገውን ይመልሳል፤ ካልፈለገም ክብሩ ሳይነካ ያልፈዋል። ማክሰኞ ዕለት ይህን ሰሌዳው ላይ በፊደላችን ጽፌ ሳስረዳ መምህራችን ከወንበራቸው ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩት። ቋንቋችሁ የማያውቁትን ሰው በክብር መጥራትን ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። እናቶቻችን ወንድ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ "አንቺ" ማለታቸውን፣ ሴቷን "አንተ" ማለታቸውንም ጨመርኩላቸው። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍቅር ነው። ግን ቋንቋችን እኛ ከምናስበው በላይ ሰፊ መሆኑን ያሳያል።

ችግሩ ስም ላይ ሲደረስ ነው። "ግብረ ሰዶማዊ" የሚለው ቃል ከነፍርዱ ነው የሚመጣው። ከተማዋ ከተቃጠለችበት ታሪክ የወጣ ቃል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629ም ድርጊቱን በእስራት ሲቀጣ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። አንድ ሐኪም በእንግሊዝኛ ቀለል አድርጎ የጠየቀውን አስተርጓሚው በዚህ ቃል ሲያደርሰው ታማሚው የሚሰማው የዳኛ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይመልሳል? "አይደለሁም" ነዋ። "የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር" የሚለው ይሻላል፣ ቢረዝምም። አገር ቤት ያሉት ደግሞ እርስ በርሳቸው "ዜጋ" ይባባላሉ። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ለዚህ የቤት ሥራ ሳነብ ነው። ለራሳቸው ከመረጡት ቃል ሁሉ ዜጋ! ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

የቤተሰብ ሳምንታት ሁለት ናቸው። እዚህ ጋ ጠብ ነበር የጠበቅኩት፤ ሃይማኖተኛ ወላጅ ሁሉ ክፉ ነው ተብሎ ይነገረናል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ገባሁ። የተማርነው ግን የኬትሊን ራያንን ሥራ ነው። ሶሻል ወርከር ናት። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምትመራው የቤተሰብ ተቀባይነት ፕሮጀክት ወላጆች የሚያደርጓቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ለቅሞ፣ የትኛው ልጁን እንደሚጎዳ የትኛው እንደሚጠብቅ ለይቷል፤ ከመቶ በላይ ናቸው። በ2009 በወጣው ጥናታቸው በጉርምስናቸው ከቤተሰብ ከባድ መገፋት የደረሰባቸው ወጣቶች፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 8.4 እጥፍ ናቸው። ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩት። ስምንት ነጥብ አራት።

መግፋት ማለት ደግሞ ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም። ዝም ማለትም አለበት። ለዘመድ እንዳትናገር ማለት አለበት። ትምህርት ቤት ሲመቱት "አንተ ነህ ያመጣኸው" ማለት አለበት። ጓደኞቹን ቤት እንዳያመጣ መከልከል አለበት። ወላጆቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ባብዛኛው ልጃቸውን ለማዳን ብለው ነው፤ ራያን የምትነሣውም ከዚህ ነው። ሃይማኖታችሁን ጣሉ አትልም። ለሞርሞን ቤተሰቦች ሳይቀር በራሳቸው እምነት ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሔት አላቸው። ሳነብ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ማን ይጻፍልን አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠራሁ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። "እሱስ የታለ?" ስንላት "ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሄደ" አለች። ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ወሬው ቀድሞ ደርሶናል። ማንም "አንቺስ እንዴት ነሽ?" አላላትም። ገመናዋን መሸፈናችን ነው ብለን። ሦስተኛውን ጠጥተን ተነሣን፣ እኔም ተነሣሁ። የራያንን ዝርዝር ሳነብ "ዝም ማለት" የሚለው ጋ ስደርስ ያቺን እናት አየኋት። ለእሷም ለልጇም ዝም ያልነው እኛው ነን። ኮርሱ ሲያልቅ ደወልኩላት። ብዙ አወራን። የተባባልነውን አልጽፍም።

ጥናቱ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የ2009ኙ ጥናት የተሠራው በ224 ነጭና ላቲኖ ወጣቶች ላይ ነው። ጥቁር የለበትም፤ የአፍሪካ ስደተኛ ልጅ የለበትም። ይህን ክፍል ውስጥ አነሣሁ፤ መምህራችን ልክ ነሽ አሉ። ግን ከእሳቸው የጠበቅኩት ልክ ነሽ ብቻ አልነበረም፤ ክፍተቱን የሚሞላ ንባብ ነበር። አልነበራቸውም።

እንግዲህ ወደ ጉድለቶቹ መጣሁ። ትልቁ ይህ ነው፦ ስደተኞች የተሰጣቸው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱም በእንግዳ ተናጋሪ ግማሹ ተበላ። በዋሽንግተን አካባቢ ተቀምጠን! ከኢትዮጵያ ውጭ አበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዱ ይህ ነው፤ በዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የተማርነው ትንሽ ነገር ጠቃሚ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። እስከ 1990 ድረስ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከድንበር ይመልስ እንደነበር አላውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ቶቦሶ አልፎንሶ በሚባል ኩባዊ ጉዳይ ላይ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ከመባረር ጥበቃ ሰጠ፤ በ1994 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ጃኔት ሪኖ ውሳኔው ለሌሎችም መመሪያ እንዲሆን አደረጉ። ዛሬ በዚህ ምክንያት አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ የሚጠየቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ያልተማርነው ግን የሚበልጠው ነው። አሳይለም ጠያቂ ከገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ዕድሜውን ሙሉ መደበቅን የተማረ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ለማያውቀው መኮንን ሁሉንም ዘርዝሮ እንዴት ይናገራል? ማረፊያ የሚሰጠው አበሻ፣ ሥራ የሚያገናኘው አበሻ፣ በስልክ የሚያስተረጉምለት አበሻ። አስተርጓሚው የአክስቱ የማኅበር ጓደኛ ቢሆንስ? ብዙ ሰው "እንግሊዝኛ ይበቃኛል" ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ለትምህርቱ ድርጅት ውስጥ በምሠራው የተግባር ሥራ፣ ፊልድ በሚሉት፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሌላ ከተማ የሚደውል አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ስም ሳይጠራ ማስተርጎም እንደሚቻል፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ስለ ቃላት መስማማት እንደሚቻል ኮርሱ ውስጥ አንድም ገጽ አልነበረም። ይህ ሁለት ሙሉ ሳምንት የሚገባው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ያበሳጨኝ ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ "ስለ ራሳችሁ ማንነት ጻፉ" የሚል ነበር፣ ለውጤት። ራሱን ለማንም ያልገለጠ ተማሪ ቢኖርስ? ወይ ይዋሻል ወይ ሳይፈልግ ይናገራል። አንዷ የክፍል ጓደኛችን በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሌሎች ተማሪዎች "አንቺ እስኪ ንገሪን" እያሉ ሲወተውቷት ሰማሁ። ለመማር የከፈለችው ልጅ ማስተማሪያ ሆነች። መምህራችን ያን ቀን ቶሎ አላስቆሙትም። ጥሩ መምህር መሆናቸውን አልክድም፤ ግን ያን ቀን ዘገዩ።

ንባቡም በዝቷል፤ በሳምንት ከመቶ ገጽ በላይ። ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ስለ አዛውንቶች የተሰጠውም ግማሽ ማታ ብቻ ነው፤ እንደ እኔ መንከባከቢያ ውስጥ ለሚሠራ ያንሳል። ስለ ትምህርት ቤቶች የነበረው ሳምንት ደህና ነው፣ የሚለይ ነገር የለውም።

ማን ይውሰደው? በሶሻል ወርክ ማስተርስ ላይ ያላችሁ አበሾች፣ በተለይ ሆስፒታል ወይም ኢሚግሬሽን ላይ መሥራት የምትፈልጉ። "እኔን አይመለከተኝም" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እዩ። የአሜሪካ የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በ2008 ሲሻሻል አድልዎን በሚከለክሉት አንቀጾች ውስጥ የጾታ ማንነትና የኢሚግሬሽን ሁኔታ አብረው ነው የገቡት። እኔን ከአድልዎ የሚጠብቀኝ አንቀጽና እነሱን የሚጠብቃቸው አንድ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሲላበሱን፣ የኮርሱን የሳምንት በሳምንት ዕቅድ፣ ለምኑ። ስንት ሳምንት ልምምድ እንዳለው ቁጠሩ፤ ከአራት ካነሰ ሌላ ፈልጉ። መምህሩ ወይም መምህሯ በሙያው በእጃቸው የሠሩ መሆናቸውን ጠይቁ። የመጨረሻው ሥራ ስለ ራሳችሁ የሚያስጽፍ ከሆነ ሌላ አማራጭ እንዲሰጣችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ እኛ ስንጠይቅ ዘግይተን ነበር። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋ የቀረችው በስደተኞቹ ሳምንት ምክንያት ነው፤ ይህንንም በግምገማ ቅጹ ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

አሁን ፊልድ የምሠራበት ድርጅት ውስጥ በአማርኛ የተተረጎመ የመግቢያ ቅጽ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጾታዊ ዝንባሌ ነው፤ ትርጉሙ በዚያው በከባዱ ቃል ነበር የተጻፈው። አራተኛው "የባልዎ/የሚስትዎ ስም" ይላል። ተቆጣጣሪዬን አነጋገርኳት። አማርኛ ባታውቅም ሰማችኝ፤ ከሌላ አስተርጓሚ ጋር ተቀምጠን አንድ ከሰዓት ሙሉ ቃል በቃል አየነው። ሦስተኛውን "መመለስ ካልፈለጉ ይለፉት" የሚል ጨምረን በቀላል አማርኛ ጻፍነው። አራተኛው አሁን እንዲህ ይላል፦ "በቤትዎ አብረውዎት የሚኖሩት ማን ይባላሉ? ሲቸገሩ መጀመሪያ የሚደውሉላቸው ማን ናቸው?"

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት ይህን ጥያቄ አነበበና ብዕሩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ አንድ ስም ጻፈ።